ከጆሮ ጀርባ የተሸጎጠች ጠመኔ

ፊዚዮቴራፒስቷ «እስቲ ክብ ይሳሉልኝ» ብላ ለልብስ ሰፊው ጠመኔ ሰጠቻቸው። ጭንቅላታቸው ከተመታ ወዲህ ሙያቸውም፣ ስማቸውም፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸውም ጠፍተውባቸው ነበር። እንደ ምንም ብለው አንድ የተንጋደደ ክብ ሣሉ። ጠመኔዋን ግን አልመለሱም፤ ከጆሯቸው ጀርባ ሸጎጥ አደረጓት።

ልጅቷ ጠመኔዋን አየቻት። ድሮ እናቷ «ሳታረጅ ሸበትክ!» እያለች በሳቅ ከአባቷ ጸጉር ላይ ታራግፍላቸው የነበረው የጠመኔ ብናኝ ትዝ አላት። አባቷ እጅጌዋን ሳብ አድርገው ስፌቱን ዳሰሱ። ተማሪ ሳለች የሰፉላትን ኮት ሆን ብላ ለብሳ ነበር የመጣችው።

«ማነው የሰፋልሽ?»

«አንተ ነህ፣ አባዬ። እጅጌው ግን አጠረኝ።»

ፊታቸው ቅጭም አለ። «እኔ? እኔ እጅጌ አሳጥሬ አላውቅም!» ከዚያ ቀና ብለው ፊቷን ሲያዩ ቆዩ። «አንቺ ነሽ እንጂ ያደግሽው።»