የዋዜማ ጥያቄ

ብሮንዊን፣ በዌልስ ካርዲፍ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል መድረክ ላይ የመስታወት ሽልማቷን እንዳቀፈች ድርቅ ብላ ቀረች። በዩኒቨርሲቲ የምትመራው የሥራ ምክር ቢሮ የተሸለመው፣ ቀጣሪዎች የቃለ መጠይቅ ጥያቄያቸውን በዋዜማው ለተማሪዎች እንዲልኩ ስላሳመነች ነበር። ድንገት ሲጠየቁ ምላሳቸው የሚተሳሰር ጎበዝ ልጆች በዚህ ዘዴ ዘንድሮ ሥራ አግኝተዋል። አሁን ግን የመድረክ መሪው፣ «ከሁሉም በላይ ምን አስገረመዎት?» ሲላት እሷው ራሷ የምትናገረው ጠፋባት።

«ለካ ልጆቹን እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው!» አለች በልቧ፤ ከማፈሯ ይልቅ መደነቋ በለጠ። ያኔ ዓይኗ ሰውየው በያዛት ካርድ ላይ አረፈ። አንገቷን አስግጋ አየች። ጥያቄው ተጽፎባታል።

«ቆይ እስቲ የኔ ወንድም፣ ይቺን መቼ ሰጡህ?»

«እ... ትናንት» አለ ሰውየው ግራ ገብቶት።

ከኋላ ወንበር፣ ቀደም ሲል ከሁለት ቃለ መጠይቅ እያለቀሰ የወጣ አንድ ተማሪዋ ከሁሉም ቀድሞ ከት ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው እኔም ነገ እመልስልሃለሁ» አለችና ሽልማቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወረደች።