ያበሏት ነገር

«ምራቴን እናቷ ቤት ያበሏት ነገር አለ» ይሉ ነበር ወይዘሮ ይርገዱ። ለቅሶ ቤት ይሉታል፣ ማኅበር ላይ ይሉታል፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁም ይሉታል። ምራቲቱ ደግሞ ሆዷን ቁርጥ ባደረጋት ቁጥር ከገበታ ተነሥታ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። ጸበሉንም ጠጣች፣ ሥራሥሩንም ጠጣች፤ ሆዷ ግን አልሰማም።

«መተት ነው ልጄ! አንተንም ሳይነካህ ተገላገላት» እያሉ ልጃቸውን ጠዋት ማታ ነዘነዙት። ባል ተብዬውም አንድ ቀን «እናቴ ያለ ነገር አትናገርም» አለና ሽማግሌ ጠርቶ ፈታት።

«አንተንስ ምን አብልተውህ ነው እናትህ ፊት ምላስህን የዋጥከው?» ብላው ወጣች።

እሱ ሌላ አግብቶ፣ የአዲሲቱም ልጅ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ እሷ ከተማ ወጥታ ሐኪም ፊት ተቀመጠች። ሐኪሟ ምርመራውን አይታ፣ «ከዚህ በፊት ኃይለኛ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞሽ ያውቃል?» አለቻት። «ባክቴሪያ አንጀትን ክፉኛ ከጎዳው፣ እሱ ከጠፋ በኋላም ሕመሙ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።»

«አንዴ ይዞኛል፤ አማቴ ቤት ቅልቅል በተደገሰ ማግስት። ከእንግዳውም የታመመ ብዙ ነበር፤ ሌላውን ግን ወዲያው ለቀቀው።»

«ምን በልታችሁ ነበር?»

«ጥሬ ክትፎ። እኔ እንኳ ጥሬ አልበላም፤ አማቴ በእጃቸው ሲያጎርሱኝ አፍሬ እንደ ምንም ዋጥኩት። እሳቸው ግን ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል› ብለው ሁለተኛውን ጨመሩልኝ።»