ስምንተኛው ጋጣ

በየመንገዱ የተጣሉ ፈረሶችን ሰብስበን ነው የምናኖረው። አዲሱን መጠለያ የሚሠራልን አናጢ እያንዳንዱን ፈረስ በሜትር ሳይለካ ጋጣ አይጀምርም። ፈረሶቻችን ሰባት ናቸው። ዛሬ ጠዋት ግን ጋጣው ስምንት ሆኖ አገኘሁት። ሰውየው ድሮም አላማረኝም።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አልኩት።

«የነጯ ባዝራ ነዋ፣ እህቴ።»

«ነጭ ፈረስ መች አለንና!»

«ኧረ ተይ! ትናንት ስለካት አንገቷን አቅፈሽ የያዝሽልኝ አንቺ አይደለሽ?»

ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከቢሮ አልወጣሁም፤ የሥራ ጋዋኔም ከተሰቀለበት አልወረደም።

ጥዬው ወደ ቢሮ ገባሁና ጋዋኔን ላወርድ እጄን ዘረጋሁ። ደረቱ ላይ ረጃጅም ነጭ የጋማ ፀጉር ተጣብቋል።