ድንኳኑ የተነሳበት ቀን

ጥር 14 ቀን 2071 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽብሩ የኀዘን መለኪያውን እናቴ ግንባር ላይ አደረጉ። ወንድሜን አስማረን የቀበርነው በዋዜማው ነበር። በዚያ ዘመን የለቅሶ ድንኳን የሚቆየው መለኪያው ኀዘን እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። እናቴ የአስማረን ሸሚዝ እያጠበች ነበር።

«እትዬ ሸዋረገድ፣ ኀዘን የለብዎትም ይላል» አሏት።

«ለምን አዝናለሁ? ማታ ሲመጣ ይለብሰዋል» አለች፣ ሸሚዙን እየጨመቀች።

«ጋሼ፣ መሞቱን ገና አላመነችም እኮ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ከመሣሪያው በላይ አውቃለሁ እንዴ?» ብለው ድንኳኑን አስነቀሉ።

በዘጠነኛው ቀን እናቴ ሸሚዙን እያጣጠፈች ሳለ ኡኡ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ድንኳን ስላልነበረ ግን ማንም አልመጣም።