የአውራ ጣት ብየዳ

የኤሲ ጥገና ሥልጠናው ሲያልቅ ለአንዲት የሥራ ቦታ የቀሩት እህትና ወንድም ነበሩ። አሠልጣኙ ሁለቱ በበየዷቸው የመዳብ ቱቦዎች ውስጥ ጋዝ ሞልቶ ብየዳውን የሳሙና አረፋ ቀባው፤ ሽንቁር ካለ ጋዙ አረፋውን ይነፋዋል። የእሷ ዝም አለ። የወንድሟ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ተነፋ።

አሠልጣኙ ዓይን አላጣም፤ አየ። አየና አውራ ጣቱን ጫነበት። «ደህና ነው። ሥራው ያንተ ነው፣ ጎበዝ!»

«ወንድነት ሽንቁር ይደፍናል እንዴ፣ ጋሼ?» አለች።

«ሴት ጣሪያ ላይ አልሰቅልም፤ አርፈሽ ቁሚ!»

ወደ ወንድሟ ዞረች። «የእናቴ ልጅ፣ አንተ ተናገራ!»

አሠልጣኙ ሊጨብጠው ጣቱን ሲያነሳ አረፋው እንደገና አበጠ። ወንድሟ በቀኙ የሰውየውን እጅ ጨበጠ፤ በግራ አውራ ጣቱ ሽንቁሩን ደፈነ።