የስሜነሽ አህያ

የስሜነሽ አህያ ያለ ነጂ ተራራ ወጥታ ለመናኝ ስንቅ ታደርሳለች የሚለው ወሬ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጆሮ የደረሰው በ1979 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አገሬው ላሊበላ ገበያ ሲወርድ፣ ስሜነሽ በሶና ቆሎ ጭና አህያዋን ከደጅ ትለቃታለች። አህያዪቱ ብቻዋን የአቡነ ዮሴፍ ተራራን አቀበት ትያያዘዋለች። ከሰዓት በኋላ ስልቻው ባዶ ሆኖ ትመለሳለች። እላይ በዋሻ የሚጸልይ፣ የሰው ዓይን ያላየው አባት አለ ተባለ።

ወሬ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በጽዋ ማኅበር ላይ አህያዪቱ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገለባ አትቀምስም ተባለ። ወሬው ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትንበረከካለች ሆነ። ከፍላቂት የመጣ እንግዳማ ቅዳሴ ሲገባ ጆሮዋን ታቆማለች ብሎ ማለ።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ እያለቀሱ ሰበኩበት። «እንስሳ እንኳ መናኝ ትመግባለች፤ እኛስ?» አሉ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ሴቶቹ እፍኝ እፍኝ በሶ ወደ ስሜነሽ ቤት ያመላልሱ ጀመር።

የዜማ መምህሩ መሪጌታ ግን ቄሱን ከቅጥሩ ጥግ ያዟቸው።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ኤልያስን ቁራ መግቦት የለም እንዴ የኔታ?»

«የቁራው ተጽፏል። የአህያዋን የት አነበብከው? ሐሰት በእግዚአብሔር ስም ስትመጣ ሁለት ጊዜ ሐሰት ናት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ አላስቀምጥ አላቸው። ዜማ ሲያስተምሩ መሐል ላይ ያቋርጣሉ። ተማሪ ሲስት አያርሙም። ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ይላሉ። በመጨረሻ መቋሚያቸውን አንሥተው ስሜነሽ ቤት ሄዱ።

ስሜነሽ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇን ሙሉሃብትን ብሔራዊ ውትድርና የወሰደባት ሴት ናት።

«መናኙን አይተሽዋል?»

«አላየሁም የኔታ።»

«አህያዋንስ መንገዱን ማን አስተማራት?»

«እሱ ነዋ» አለች፣ ወደ ተራራው ቀና ብላ።

መሪጌታ ጓዳውን በዓይናቸው ቃኙት። ያ ሁሉ የተዋጣ በሶ የለም። ከገደሉ ማዶ የሚቀበላት ነጋዴ አለ፤ በመናኝ ስም የድሃ አፍ እየቀማች ትሸጣለች፣ ብለው አሰቡ። ደማቸው ፈላ።

ዓርብ ዕለት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጥሩሰው ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«የኔታ፣ እኔ በመናኝ አላምንም። ከጦር ሰፈር የጠፋ ሰው ግን ሞልቷል። ሰኞ ሚሊሻ ይዤ ዋሻ ዋሻውን እፈትሻለሁ።»

«ነገ አህያዋን እከተላለሁ። ያየሁትን እሁድ በሰው ፊት እናገራለሁ።»

ጥሩሰው አሰብ አደረገ። «እርስዎ ካዩትማ ይበቃኛል። እርስዎ ለጳጳስም አይዋሹም።»

ቅዳሜ ጧት ውርጩ ገና ከገብሱ ላይ አልረገፈም ነበር። አህያዪቱ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፤ መሪጌታ ከኋላ ይከተላሉ። ነጂ የለም። ምልክት የሚሰጣትም የለም። ከረጃጅሙ የጅብራ ተክል መካከል ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተበትነው ሣር ይነጫሉ። መሪጌታ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲቆሙ እሷ አትቆምም።

ከገደሉ አፋፍ ደርሳ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ዞረች። መሪጌታም መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ዞሩ።

ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። አህያዪቱ ባዶ ስልቻዋን ይዛ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው እጅ ቢነሣ አልመለሱም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። መሪጌታ በዚያ ብርድ ጋቢ ሳይደርቡ፣ በነጠላ ብቻ ቆሙ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ዓይናቸውን በመሪጌታ አፍ ላይ ተክለዋል። ጥሩሰው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል።

«ዋሻም የለም፣ መናኝም የለም» አሉ መሪጌታ። «አህያዋ የምትወጣው ሣር ለምዳ ነው። ከአፋፉ ስትደርስ ጭላዳው ይከባትና ስልቻውን ይዘረግፈዋል። ይኼን ሁሉ ጊዜ የጭላዳ ቀለብ ስትሰፍሩ ከረማችሁ።»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁም ተዛመተ። በሶዋን ስታመላልስ የነበረችው አሮጊት ይማርሽ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ።

«በርግጥ አይተዋል፣ የኔታ?» አለ ጥሩሰው።

«በዓይኔ።»

ጥሩሰው ጭኑን መታ። «ለጭላዳማ ሚሊሻ አላዘምትም!»

«አታላይ!» አለ አንድ ድምፅ ወደ ስሜነሽ። «የድሃ በሶ ለዝንጀሮ!»

ስሜነሽ በሰው መሐል አልፋ መጣችና የመሪጌታን ጉልበት ልትስም ወደቀች። እሳቸው እሳት እንደ ነካው ሰው ሸሹ።

«ይቅርታ መለመኗ ነው» አሉ ሴቶቹ። «ይበላት!»

ከዚያ ቀን በኋላ አህያዪቱ ከደጅ ታስራ ዋለች። የመናኙን ነገር ያነሣም አልነበረ። አገሬው በአንድ ነገር ተስማማ፦ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጨካኝ ናቸው፣ ግን አይዋሹም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ፣ መሪጌታ የበሶ ስልቻ በትከሻቸው ተሸክመው ከቋጥኙ ጀርባ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሙሉሃብት፣ ውጣ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ።