ገብረ ጉንዳን በሻለቃ ቤት

እሑድ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታላቅ እህቴ የውሻችን ቤት በር ሥር ጭቃው ላይ ተንበርክካለች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ገብረ ጉንዳን ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ፣ ግቢውን እንደ ጥቁር ገመድ አቋርጦ፣ ወደ ሻለቃ ቤት እየገባ ነው።

ሻለቃ ውሻችን ናት። ሴት ብትሆንም ስሙን ያወጣላት ቁጣዋ ነው። ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቡችሎቹ አራት ናቸው፤ አንዳቸውም ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። ጉንዳኑ ሲነክሳት ታለቅሳለች፣ ግን ልጆቿን አቅፋ ንቅንቅ አልልም ብላለች። እሷ ብትወጣ ትተርፋለች፤ እነሱ ግን መውጫ እግር የላቸውም።

«እትዬ፣ ትነክስሻለች» እላታለሁ።

«ትንከሳ። አንተ ቅርጫቱን ያዝ። ደግሞ አትቁነጥነጥብኝ፣ የሚርበተበት ሰው አትወድም።»

የውሻው ቤት በአራት እግር የቆመ የሳንቃ ሳጥን ነው። እያንዳንዱ እግር የሳሙና ውሃ ያለበት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ገብቷል። ዘዴው የእትዬ ነው። ልብስ እጥበት ቤት ስለምትሠራ የሳሙናን ጠባይ ታውቃለች። ንጹሕ ውሃ ላይ ጉንዳን እርስ በርሱ ተያይዞ ይንሳፈፍና ይሻገራል፤ ሳሙና ሲገባበት ግን ይሰምጣል። ማታ ማታ፣ የቱንም ያህል ደክሟት ብትመጣ፣ ያን ውሃ ሳትቀይር አትተኛም። ዝናብ እንዳያቀጥነው በጣሳዎቹ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ሠርታላቸዋለች። ባለፈው ክረምት የሰፈሩ ጫጩት በጉንዳን ሲያልቅ የእኛ ግቢ ውሻ እንኳ አላከከም።

ዛሬ ግን ገብቷል። በየት እንደገባ ለመፈለግ ጊዜ የለም።

በአጥሩ ላይ የጎረቤታችን ጭንቅላት ብቅ ይላል። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ምክር አያልቅባቸውም።

«ጋዝ ነው መድኃኒቱ። ጋዝ አፍስሺበት።»

«ጋሼ፣ ልጆቿን እኮ ትልሳለች። ጋዝ ላጠጣት ነው?»

«እንግዲያው እሳት።»

«ቤቱ ሳንቃ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔማ ምን አገባኝ፣ ዝም ብያለሁ» ይሉና ዝም አይሉም። «ጓንት እንኳ አድርጊ እንጂ፣ አንቺ ልጅ።»

«ጓንት ካደረግሁ በጠረኔ አታውቀኝም።»

እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ትሰበስብና ባዶ እጇን ቀስ አድርጋ ታስገባለች። ሻለቃ ጥርሷን ታሳያለች። ጉንዳኑ ወዲያው የእትዬን ጣቶች ያገኛል፤ ከዚያ አንጓዋን፣ ከዚያ ክርኗን። ክንዷ ሲጠቁር አያለሁ። እኔ አንድ ጉንዳን እግሬ ላይ ወጥቶብኝ እየዘለልሁ ነው፤ እሷ ግን ጣቷ እንኳ አይደነግጥም። እጇን ድንገት ብትስበው ሻለቃ እንደምትዘነጥላት ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ወደዚያ ቤት አይገባም።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። እኔ ነኝ እኮ። ልጆችሽን ላውጣልሽ ነው» ትላታለች። ድምጿን የሰማ ሕፃን የምታስተኛ ነው የሚመስለው። ላብ ግን ከግንባሯ እስከ አገጯ ይወርዳል።

ሻለቃ አንጓዋን በአፏ ትይዛለች። አትነክስም፣ አትለቅም። ትይዛለች ብቻ። እትዬ ትጠብቃለች። ከዚያ ጥርሱ ይላላል።

የመጀመሪያው ቡችላ ይወጣል። ሁለተኛው። ሦስተኛው። እያንዳንዱን ቀሚሷ ላይ ታስቀምጥና ጉንዳኑን በጥፍሯ ትለቅምለታለች፤ ከቆዳው አልላቀቅ ሲል በጥርሷ ትነቅለዋለች። የራሷን ክንድ አንድ ጊዜ እንኳ አላራገፈችም። አራተኛዋ ትንሿ ናት፣ ግራ ዓይኗን ወርረውታል። እሷ ላይ ብዙ ትቆያለች። ቅርጫቱ አራት ሲሞላ ሻለቃ ራሷ ዘልላ ወጥታ እየተንቀጠቀጠች ተከትላኝ ወደ በረንዳው ትመጣለች።

ስመለስ እትዬ የቤቱን ጀርባ እያየች ነው። በአጥሩ በኩል ካለው እግር አጠገብ አንድ ጡብ ቆሟል። ከታች መሬቱን፣ ከላይ የቤቱን ወለል ነክቷል። ጉንዳኑ ጣሳዎቹን አልነካቸውም፤ በጡቡ ላይ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ ተሰልፎ ነው የወጣው። አጥሩ እዚያ ላይ ቀዳዳ አለው፤ የሰው ክንድ ያሾልካል።

ቀና ብዬ ሾፌሩን አያለሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ትናንት ሻለቃ ስትገላበጥ ቤቱ ሲወዛወዝ አየሁና፣ ድጋፍ እንዲሆነው...» ይላሉ።

አፌን ልከፍት ስል እትዬ ክርኗን ጎኔ ላይ ታሳርፋለች።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ፣ ይወዛወዛል» ትላቸዋለች። «እኔም ካየሁት ቆየሁ። ረፋድ ላይ ምስማርና መዶሻዎን ይዘው ይምጡማ፣ አብረን እናጠብቀዋለን።»

«እጅሽስ?»

«ምን ሆነ? ደህና ነው።»

ይህን ስትል እጇን ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደብቃዋለች። ከኋላዋ ስለቆምሁ ለእኔ ይታየኛል። አብጦ ጣቶቹ አይገጥሙም፤ አካላቸው ተነቅሎ ጭንቅላታቸው ሥጋዋ ውስጥ የቀረ ጉንዳኖች ከአንጓዋ እስከ ብብቷ ተዘርተዋል። ፊቷ ግን ለጋሼ ይስቃል።

አራቱም ቡችሎች ተረፉ፤ የትንሿ ግራ ዓይን ግን አልበራም። እትዬ ከሦስት ወር በኋላ፣ ለማንም ሳትነግር በቆየችው የልብ ሕመም አረፈች። ያቺን አንድ ዓይና ቡችላ ሾፌሩ ጠይቀው ወሰዷት። ደጅ ቤት አልሠሩላትም፤ አልጋቸው ሥር ነው የምትተኛው።